አጣጡን የመነጠርኩበት ቀን

በአንኮበር ገደል አፋፍ የሚበቅለውን አጣጥ ማንም አይተክለውም። እሾሁ ልብስ ይቀዳል። ቢሆንም ቅጠሉ በበጋም አይረግፍም፤ ትንንሽ ነጫጭ አበባው ሲፈካ ንብ ይሰፍርበታል፤ ወፎችም ፍሬውን ለቅመው እዚያው ጎጆ ይሠራሉ። ወፍ የጣለችው የጽድ ዘር ከሥሩ በቅሎ ያድጋል፤ ፍየል አትደርስበትማ። ይህን ዛሬ አውቀዋለሁ። ያኔ ግን ደብረ ብርሃን ሦስት ወር የችግኝ አያያዝ ሠልጥኜ የተመለስኩ፣ ከእኔ ወዲያ ላሣር የምል ጎረምሳ ነበርኩ።

ያሳደገችኝ አክስቴ አንድ ልጇን ደርግ ገድሎባታል። ሬሳው አልተሰጣትም፤ ማልቀስም ተከልክላለች። በዚያው ዓመት ከቤቷ በላይ ባለ አጣጥ ውስጥ አንዲት የጽድ ቡቃያ አገኘች። “የልጄ መቃብር ይቺ ናት” ትለኝ ነበር፣ ለእኔ ብቻ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ እሾሁን በዱላዋ ገለጥ አድርጋ ታያታለች።

ቡቃያዋ በእሾህ ታፍና ፀሐይ የተነፈገች መሰለኝ። አክስቴ አልዩ አምባ ገበያ በወረደችበት ቀን ገጀራዬን ይዤ ወጣሁ። አጣጡን ከሥሩ መነጠርኩ፤ አፈሩን ኮተኮትኩ፤ በሥልጠናው እንደተማርነው ዙሪያዋን አጸዳሁ። ትመርቀኛለች ብዬ ስጠብቅ ዋልኩ፤ እንደመጣች ዕቃዋን እንኳ ሳታወርድ እጇን ይዤ ወሰድኳት።

ፍየሎች ቀድመውናል። ከመሬት እኩል ግጠዋታል።

“አጣጡስ?” አለችኝ።

“ፀሐይ እንድታገኝ ብዬ ነው፣ አክስቴ።”

“እሱ እኮ ነበር የሚጠብቃት፣ ልጄ።”

ብትረግመኝ ይሻለኝ ነበር። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና “ልጄን! ልጄን!” እያለች ጮኸች። ጎረቤቱ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ሴቶቹ ምንም ሳይጠይቁ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ከበቧት፤ ሦስት ዓመት የታመቀ ለቅሶ ተለቀቀ።

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ጠመንጃውን አንግቶ እየሮጠ መጣ። “ማን ሞተ? ለማን ነው የሚለቀሰው?”

“ፍየል ችግኟን በልቶባት ነው” አሉት አንድ ሽማግሌ፣ ዓይን ዓይኑን እያዩ።

ሊቀ መንበሩ ሰዉን አየ፤ የተጋጠችውንም ቡቃያ አየ። ለችግኝ ማልቀስ የሚከለክል መመሪያ አልነበረውም። ቆቡን አውልቆ ከወንዶቹ ጋር ተቀመጠ።

እኔም የአክስቴን ልጅ ያን ቀን አለቀስኩት፤ ለሁለተኛ ጊዜ የገደልኩት እኔ ነኝና።