ባለቀለበቷና የአባዬ ጉድጓድ

እህቴን «ባለቀለበቷ» ብዬ የምጠራት እኔ ነኝ። ጣቷ ላይ ግን ቀለበት የለም፤ እማዬን የሚያበሳጫትም ይኸው ነው። ኬሚስት ናት፤ የእሷ ቀለበቶች በዓይን አይታዩም። ክራውን ኤተር ይባላሉ፤ መሃላቸው ክፍት የሆነ ሞለኪውሎች ናቸው። ልካቸው የሆነ ብረት ሲያገኙ መሃላቸው አስገብተው ይይዙታል። እሷ የምትፈልገው እርሳስ የተባለውን መርዘኛ ብረት የሚይዘውን ነበር።

ለምን እርሳስን እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። አባዬ ዕድሜውን ሙሉ የመኪና ባትሪ ሲጠግን ኖሯል። ከአሮጌ ባትሪ የሚወጣውን፣ እርሳስ ያለበትን አሲድ የሚደፋው እዚያው ግቢያችን ውስጥ፣ ከውሃ ጉድጓዱ ትንሽ ራቅ ብሎ ነበር። ውሃው ተመርምሮ እርሳስ ሲገኝበት ጎረቤቶች ጀሪካናቸውን ይዘው ወደ ሌላ ሰፈር መሄድ ጀመሩ። አንዳቸውም ክፉ ቃል አልተናገሩም። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር። ጉድጓዱን በቆርቆሮ ከደነና ከዚያ ወዲያ ደጃፍ ላይ መቀመጥ ተወ። እህቴ ውሃውን አጸዳዋለሁ፣ ቆርቆሮውንም በገዛ እጅህ ታነሳዋለህ አለችው። እሱም አመናት፤ ችግሩ እዚህ ላይ ነው።

ቀለበቶቹን የምታሟሟው ፈሳሽ ጨው ውስጥ ነው። ጨው ስል የጓዳው አይደለም፤ ሳያሞቁት እንደ ዘይት የሚፈስ፣ የማይተን ነገር ነው። ከጉድጓዳችን ውሃ ጋር በጠርሙስ ስትንጠው እርሳሱ ውሃውን ትቶ ቀለበቶቹ ውስጥ ይገባል። ከላይ የቀረውን ውሃ ለካችው፤ እርሳስ የለም። ይህን በስልክ የነገረችን ዕለት አባዬ ጺሙን ተላጭቶ ጠበቃት።

ታዲያ እሷ የምትሠራበት ላቦራቶሪ ውስጥ ሁሉም የሚለካው ብረቱን ብቻ ነው። የሚያሳድዱት እሱን ስለሆነ ሌላው ትዝ አይላቸውም። አንድ ጠዋት ግን ጸዳ የተባለው ውሃ አረፋ አወጣ። ነገሩ አላማራትም። መልሳ ስትመረምረው ፈሳሹ ጨው ራሱ ውሃው ውስጥ ተገኘ። እርሳሱ የኤሌክትሪክ ቻርጁን ይዞ ስለሚገባ፣ ሂሳቡ እንዲስተካከል ጨዉ ከራሱ እየቆረሰ ወደ ውሃው ይለቅ ኖሯል። አለቃዋ ጥናታችን ስለ እርሳስ ነው፣ ይሄን ሌላ ጊዜ እናየዋለን አላት። ለጥናት ይበቃ ይሆናል። አባዬ የሚጠብቀው ግን የሚጠጣ ውሃ ነው።

እሁድ ከሰዓት ቤት መጥታ አጠገቡ ተቀምጣ ነገረችው። ምነው ዝም ብትል ብዬ ተናደድኩባት። እሱ እጆቹን ጉልበቶቹ መሃል አድርጎ እስክትጨርስ ሰማት።

«እርሳሱስ ወጣ?» አለ።

«እሱ ወጣ፣ አባዬ። እኔ ያስገባሁት ቀረ እንጂ።»

«እኔም እኮ ስሠራ የማየው ባትሪውን ብቻ ነበር» አላት። «አይዞሽ ልጄ።»

ከዚያ ተነስቶ ወደ ጓሮ ሄደ። ነፋስ ያንሸራተተውን ቆርቆሮ ጉድጓዱ ላይ መልሶ ድንጋይ ጫነበት። ሁለተኛውን ድንጋይ ያቀበለችው እህቴ ናት።