ውሃው የሚቀርበት ድንጋይ

አክስቴን ቤተሰቡ ሁሉ «መርማሪዋ» ይላታል። የማያገባት ነገር የለም። ሚስቴን ያስተዋወቅኳት ቀን እንኳ «አንዱ ጫማሽ ብቻ ለምን አለቀ?» ብላ ጠይቃት መግቢያ አሳጥታኛለች።

የከተማችንን አሮጌ ጸሎት ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት አጽድታለች። ያን ሁሉ ዘመን አንድ ነገር ሲከነክናት ኖሯል። ወለሉን ወልውላ ስትጨርስ ከግድግዳው ሥር ባለ አንድ ድንጋይ ላይ ውሃ ይቀራል። ጎን ለጎን ሁለት ስርጉድ ቦታዎች አሉት፤ የቀኙ ጠለቅ ያለ፣ የግራው ለአመል ያህል። በሩ ላይ የተለጠፈው ታሪክ «መሥራቹ ተንበርክከው የጸለዩበት» ይላል።

«በአንድ ጉልበታቸው ነበር እንዴ የሚጸልዩት?» ትላለች አክስቴ።

ዘንድሮ ኮሚቴው ወለሉን ሴራሚክ ሊያለብሰው ወሰነ። ምስጢሩን ሳታውቅ ሊሸፈን ነውና እንቅልፍ ነሳት። ሊቀመንበሩን ብትለምናቸው፣ «ምክንያት ካለሽ አምጪ፤ ያለዚያ ነገ ይለበሳል» አሏት።

በማግስቱ በጠዋት እኔንም ጎትታኝ ሄደች።

«ልጄ፣ መሰላልህን እዚች ጋ አቁምልኝ» አለችው ግንበኛውን፣ ድንጋዩን እያሳየች።

«እማማ፣ እኔ የመጣሁት ለወለል ነው።»

«ወለሉ እምቢ ካለኝ ጣሪያውን ልጠይቀዋ።»

እየሳቀ ወጣ። ጣሪያውን በመዶሻው እጀታ መታ መታ ሲያደርገው ልስኑ ተፈረፈረና ቡጢ የሚያስገባ ቀዳዳ ወጣ። ጠርዙን ገመድ በልቶታል።

አክስቴ ጫማዋን አውልቃ በስርጉዶቹ ላይ ቆመች። እጆቿን ወደ ላይ ዘርግታ ገመድ እንደሚስብ ሰው ዝቅ አለች።

«የደወሉ ደዋይ ነው» አለች። «ግራ እግሩን ያመው ነበር። የሚስትህ ጫማ ትዝ አይልህም? ሰው የሚያርፈው በደህናው እግሩ ነው።»

የመሥራቹ ስም፣ የለጋሾቹ ስም፣ ኖራ ያቀረበው ሰው ስም ሳይቀር በሩ ላይ ተጽፏል። የደዋዩ ግን የለም። እኔ እንኳ፣ ነገር ዓለሙን ጆሮ ዳባ ልበስ የምለው ሰው፣ ተናደድኩ።

ሊቀመንበሩ መጥተው ቀዳዳውን አዩ፤ ድንጋዩንም ጎንበስ ብለው ዳሰሱት። «ይቺ እንዳትነካ» አሉ።

ግንበኛው ሥራውን ከበሩ ጀመረ። የመጀመሪያውን ሴራሚክ ሊያስቀምጥ አጎንብሶ እንደገና ቀና አለ።

«እማማ፣ ይቺስ የማን ናት?»

በሩ ሥር ባለው ድንጋይ ላይ ክብ መስመር ተቦርቡሯል። በዚያ ቤት ውስጥ አክስቴ ያልጠየቀችው ነገር ይህ ብቻ መሆን አለበት። ትክ ብላ አየችው። ከዚያ የቆርቆሮ ባልዲዋን አምጥታ አስቀመጠችበት። ልክክ አለ።

«የባልዲ ነው፤ ሸፍነው» አለች፣ ባልዲውን መልሳ እያነሳች።

ግንበኛው ሊቀመንበሩን አያቸው። እሳቸው ለዚህኛው ምክንያት አልጠየቁም፤ «ይቺም እንዳትነካ» አሉ።