ሦስተኛው አዝራር

ኩሱም ጎግቴ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ትንፋሿን ይዛ ነው የሠራችው። በሕንዷ እንዶር ከተማ ዳር ባለው የሌዘር ቤተ ሙከራ ከሸረሪት ድር የሳሳ የብረት ቅጠል በወረንጦ እያነሳች ማቀፊያው ላይ ታኖራለች፤ ደህና አድርጋ ብትተነፍስ ይበጠሳል። ሌዘሩ ቅጠሉን ሲመታው ብረቱ በቅጽበት ፕላዝማ ይሆንና አዮኖች ከጀርባው ይፈተለካሉ። ሊቃውንቱ አንድ ቀን ካንሰር እናክምበታለን ይላሉ። የጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ የነበረው አባቷ ግን፣ "ቀን ሙሉ የደከምሽበትን በአንድ ብልጭታ ታነጂዋለሽ፤ ይሄም ሥራ ሆኖ ደመወዝ ይከፈልበታል?" እያለ እስኪሞት ድረስ ሳቀባት።

ፍተሻም የእሷ ሥራ ነበር። ከእያንዳንዱ ተኩስ በፊት ግድግዳው ወፍራም የሆነውን ክፍል እየዞረች "ሰው አለ?" ብላ ትጣራና በአራቱ ማዕዘን ያሉትን አዝራሮች ትጫናለች። አዝራሮቹ እዚያ የተተከሉት ፈታሹ እያንዳንዱን ጥግ በዓይኑ እንዲያይ ነው። የሚገባም ሰው ሁሉ ከሰሌዳው አንድ ቁልፍ ይዞ ይገባል፤ ቁልፎቹ በሙሉ ካልተሰቀሉ ሌዘሩ አይተኩስም። በዚያች ብልጭታ ውስጥ የተገኘን ሰው ብርሃኑም ጨረሩም አይምሩትም።

የዚያን ዓርብ የቀራቸው አንድ ቅጠልና አንድ ተኩስ ብቻ ነበር። ቅጠሉ ከሚመታበት የብረት ጋን ውስጥ አየሩ ተስቦ ማለቅ ሲገባው ጋኑ የሆነ ቦታ አየር ያስገባል። የፓምፕ ሠራተኛው ኦምካር ከጠዋት ጀምሮ እዚያው ክፍል ውስጥ ካለው የጨረር መከለያ ግድግዳ ጀርባ በጀርባው ተንጋሎ ቀዳዳውን ይፈልጋል። ኩሱምን እንደ ታላቅ እህት ታይ ነው የሚላት።

"ታይ፣ እጄ ግራሶ በግራሶ ነው። ቁልፌን ስቀዪልኝ፤ ከኋላሽ ነኝ።"

"ካቾሪህን ሳልጨርስብህ ና" አለችው።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ ግን ሃያ ዓመት አብሮ የሠራን ሰው ማን ይጠረጥራል? ቁልፉን ሰቀለች፤ በዘይት የተጠበሰ ካቾሪዋን በላች። ከሩብ ሰዓት በኋላ ኦምካር ወጥቶ እጁን እየታጠበ ነው ብላ ለፍተሻ ተመለሰች። ፓምፖቹ ያገሳሉ። "ሰው አለ?" ብላ ተጣራች። አንደኛውን ተጫነች፤ ሁለተኛውን ተጫነች። ሦስተኛው አዝራር ከግድግዳው ጀርባ ስለሆነ ጎንበስ ብሎ መግባት ይጠይቃል፤ እሷ ደግሞ ጉልበቷን ያማታል። እጇን ብቻ ሰዳ ተጫነችው። አራተኛውን ተጭና ወጣችና በሩን ዘጋች፤ የራሷንም ቁልፍ ሰቀለች።

መቆጣጠሪያው ክፍል ውስጥ የቡድኑ አለቃ ዶክተር ሱሃስ ባፓት ስክሪኑ ላይ ዓይኑን ተክሎ ነበር። "ኃይል መሙላት ጀምሯል። ስልሳ ሰከንድ" አለ። ወዲያው ፊቱ ፈካ። "እዩት፣ ግፊቱ ወረደ። አየር ማስገባቱን ተወ። አምላካችን ጋኔሽ ጸሎታችንን ሰማ።"

ሁሉም ሳቁ። ኩሱም ግን ክው አለች። የላላ ብሎን ራሱን አያጠብቅም፤ የሚያጠብቀው ሰው አለ።

ወጥቷል፣ ወጥቷል እያለች ራሷን ለማጽናናት ሞከረች። ሃያ ሰከንድ ቀረ። ተሳስታ ከሆነ የወር ልፋታቸው ባንድ እጇ መና ይቀራል። አሥራ ሁለት ሲቀር ቀዩን ማቆሚያ መታችው።

ሱሃስ ከወንበሩ ተነሣ። "ምን ነካዎት? ሌዘሩ እስኪቀዘቅዝ እኮ የተመደበልን ጊዜ ያልቃል።"

"ኦምካር ውስጥ ነው።"

"ቁልፉ ተሰቅሏል።"

"የሰቀልኩት እኔ ነኝ።"

"የፈተሹትስ እርስዎ አይደሉም እንዴ?"

የበሩን መክፈቻ ተጫነች። በሩ ቀስ እያለ ተከፈተ።

ኦምካር መፍቻውን እንደያዘ ከግድግዳው ጀርባ እየተሳበ ወጣና የጆሮ መከለያውን አወለቀ። "አገኘኋት። አንዲት ብሎን ናት ስታስለቅሰን የዋለችው።" ከዚያ ፊታቸውን አየ። "ምነው፣ ሰው ሞተ እንዴ?"

ነገሩን ሲነግሩት ሳቀ። "የኔ ጥፋት ነው፣ ዶክተር። ታይ ስትጣራ አልሰማሁም፤ ጆሮዬን ታውቁት የለ? ይኸው አልሞትኩም። ካቾሪዬ የት አለ?"

ኩሱም ይህን ምሕረት ተቀብላ ዝም ማለት ትችል ነበር፤ ፈልጋም ነበር። "መጣራቴን ተወው" አለች። "አልጎነበስኩም። እጄን ብቻ ሰድጄ ነው የተጫንኩት።"

"አንድ ቀን ነው፣ ታይ። የማይሰንፍ ማን አለ?"

"አንድ ቀን አይደለም። ጉልበቴን ካመመኝ ጀምሮ ነው።"

ጉልበቷን ካመማት ሁለት ዓመት አልፏታል። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ኦምካር ከዚያ ግድግዳ ጀርባ ሳይተኛ ያለፈ ሳምንት አልነበረም። ፈገግታው ቀስ እያለ ጠፋ፤ መፍቻውን እንደያዘ መሬት ላይ ቁጭ አለ።