ባፈና ያልከፈተው ካርቶን

ባፈናን የማያውቅ የሆሳዕናን መናኸሪያ አያውቅም። ሃያ ሁለት ዓመት ከአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ጆንያ ሲያወርድ ኖሮ፣ ወገቡ እምቢ ሲለው በሩ አጠገብ የቆርቆሮ ኪዮስክ ተከራየና የሰው ዕቃ ተቀባይ ሆነ። ከአዲስ አበባ የሚላከውን መድኃኒት፣ ጎማ፣ የሠርግ ልብስ የአውቶቡስ ረዳቶች ለእሱ ያስረክባሉ፤ ባለቤቱ መጥቶ ስሙን ተናግሮ ይወስዳል። አንዴ የአንዲት የፎንቆ ሴት ቅቤ በስህተት ቡታጅራ ቢወርድ፣ በራሱ ትራንስፖርት ሄዶ አምጥቶላታል። ሕጉ አንድ ነበር፦ የሰው ዕቃ አይከፈትም።

ይህን ስም ነው እንግዲህ ቲቶ የፈለገው። ቲቶ እዚሁ ሆሳዕና ጡረታ የወጡት የመምህር ወልደኪዳን ልጅ ነው። መርካቶ ገብቶ በ2008 ዓ.ም. ፌስቡክ ላይ «ብርቅ ዕቃ» የሚባል የሽያጭ ገጽ ከፈተ። ግን ያላየውን ዕቃ ከማያውቀው ሰው ማን ይገዛል? እኛ አገር ለሥራ ዋስ፣ ለብድር ዋስ፣ ተጣልቶ ለመታረቅ እንኳ ዋስ ነው። ቲቶ ይህን አሳምሮ ያውቃል።

«ጋሼ ባፈና፣ ሌላ ሥራ አልጨምርብዎትም። እንደወትሮዎ ተቀብለው መስጠት ብቻ ነው። አንድ ፎቶ ላንሳዎትና ልሂድ።»

ባፈና ካርቶን ታቅፎ ሳቀ። ከፎቶው ሥር ከስልክ ቁጥሩ ጋር «የሆሳዕና ተቀባያችን፤ ይመኑን!» ተብሎ ተጻፈ። የባፈና ስልክ ባትሪ ከማብራትና ከመደወል ሌላ አያውቅምና ገጹን አላየውም። ቢያይ ኖሮ ይገረም ነበር። ገጹ «ዛሬ ብቻ!» ይላል፤ ነገም «ዛሬ ብቻ» ነው። «ሦስት ብቻ ቀሩ!» ይላል፤ ሦስቱ ዓመቱን ሙሉ አላለቁም። አንድ ትልቅ ዋጋ ተጽፎ በቀይ ይሰረዛል። በዚያ ዋጋ የሸጠም የገዛም የለም፤ የተጻፈው ሊሰረዝ ነው። ሰው ግን ዕቃውን ትቶ ስርዙን ይገዛል። ያውም ተምሬያለሁ የሚለው!

አዜብ የሀደሮ መምህርት ናት። ደመወዟ ወር አላደርስ ሲላት የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች ልትደጉመው አሰበች። አንድ ቀን በዕረፍት ሰዓት «የስፌት መኪና፣ ከአምስት ሺህ ወደ ዘጠኝ መቶ፣ ሁለት ሰዓት ቀረው» የሚል አየች። የቀጣዩን ክፍለ ጊዜ ምን እንዳስተማረች እሷም አታውቅም። ደወሉ እንደተደወለ ወደ ባንክ ሮጠች። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ወደ ባፈና እየደወለች «ጋሼ፣ የስፌት መኪናዬ አልመጣም?» ትላለች።

መጣ። ረዳቱ ረሻድ በአውቶቡሱ መስኮት ወረወረለት። የስፌት መኪና ወረወረለት! ባፈና በአንድ እጁ ቀለበው።

«ረሻድ፣ ይሄ የስፌት መኪና ነው ብለውኝ ነበር እኮ።»

«ታዲያ ጉልበትህ ተመልሷላ፣ ባፌ! ነገ ወደ ጣሪያው ውጣ!»

ረሻድ ሳቀ፤ ባፈና አልሳቀም። ስንት የስፌት መኪና ያወረደ ትከሻ ነው፤ ሁለት ሰው እንደሚያቃስት ያውቃል። ካርቶኑን አገላበጠው፣ ነቀነቀው። ሕጉ ግን ሕግ ነውና ሳይከፍተው መደርደሪያው ላይ አኖረው። ስህተቱ ይህች ናት። የሃያ ሁለት ዓመት ታማኝነቱ ለቲቶ መጋረጃ ሆነለት።

ቅዳሜ አዜብ ዕቃዋን ጣሪያ ላይ የምታስርበት ገመድ ይዛ መጣች። ካርቶኑን ስትከፍት መዳፍ የምታህል፣ ስቴፕለር የምትመስል ነጭ ፕላስቲክ ወጣች።

«ጋሼ፣ ቀሪው የታለ?»

ባፈና ካርቶኑን ገልብጦ አራገፈው፤ ሌላ የወጣ የለም።

«የእርስዎን ፎቶ አይቼ እኮ ነው ብሩን የላክሁት! እሳቸው ካሉበት ምን ይጠፋል ብዬ።» ስልኳን አውጥታ አሳየችው። ከፎቶው ሥር የገዢዎችን ምስክርነት አነበበችለት። «ሳምራዊት ከሆሳዕና፦ የስፌት መኪናዬን ከጋሽ ባፈና እጅ ተቀብያለሁ፤ እናመሰግናለን!»

«ይቺ ማናት?» አለ ባፈና። «እኔ ለሳምራዊት ሰጥቼ አላውቅም። ከዚያ ገጽ የስፌት መኪና ሲመጣ ያንቺ የመጀመሪያው ነው።» ከሆሳዕና የመሰከሩትን ሁሉ በየስማቸው አስነበባት። በእጁ ያለፈ አንድም አልነበረም።

ወዲያው ለቲቶ ደወለ።

«ጋሼ፣ ፎቶው ላይ ያለው እሱው ነው» አለ ቲቶ። «ተጠግተን ስላነሳነው ነው ትልቅ የመሰለው። መጠኑን አልጻፍንም፤ ስለዚህ አልዋሸንም።»

«እኔንስ? ተጠግተህ ነው ያነሳኸኝ?»

ቲቶ ስልኩን ዘጋው። መርካቶ ሩቅ መስሎታል። ባፈና ኪዮስኩን ቆለፈና አዜብን አስከትሎ መምህር ወልደኪዳን ቤት ሄደ። ኮቱን አውልቆ የተቀደደ ኪሱን ገልብጦ ከፕላስቲኳ ጋር ጠረጴዛ ላይ አኖረላቸው።

«ቲቶ የሚሸጠው የስፌት መኪና ነው። እስቲ ይስፉልኝ።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አድርገው ሦስት ጊዜ ሞከሩ፤ ሦስት ጊዜ ክሩ ተበጠሰ። ነገሩን ከአዜብ አፍ ከሰሙ በኋላ ስልክ አነሱ።

«ቲቶ፣ የሌላ ሰው ልጅ ብትሆን ሌባ እልህ ነበር። የእኔ ስለሆንክም ሌባ እልሃለሁ። የመምህርቷን ብር መልስ!»

በሁለተኛው ቀን ብሩ ተመለሰ። በሦስተኛው ቀን አዜብ በስልክ ከገጹ ላይ አነበበችለት፦ «የሀደሮ ደንበኛችን ዕቃው ስላልተመቻት በሁለት ቀን ብሯን መለስን። እምነት ማለት ይህ ነው!» ከላዩ ያው የባፈና ፎቶ ተለጥፏል። ያፈረበትን እንኳ ሸጠው!

«እንዲህ ብለሽ ጻፊልኝ» አላት ባፈና። «እኔ ባፈና ነኝ። ሳምራዊት የምትባል አላውቅም። ፎቶዬን አውርዱ።»

ከፎቶው ሥር ጻፈችለት። ከሰዓት በኋላ ተሰርዞ ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ለገበያ ስትመጣ ማርከር ገዝቶ ጠበቃት። መጀመሪያ በዚያችው በስፌት መኪናዋ ካርቶን ላይ ልትጽፍ ሞክራ አልበቃ አላት፤ የሳሙና ካርቶን ቀደዱ። አሁን በኪዮስኩ በር ላይ ተሰቅሏል፦ «የብርቅ ዕቃን ካርቶን አልቀበልም። የሌላውንም ባለቤቱ እዚሁ ከፍቶ አይቶ ይውሰድ። ባፈና።»

ያን ዕለት ረሻድ ከቲቶ የተላኩ አራት ካርቶኖች ይዞ ወረደ።

«ባፌ፣ የት ላድርጋቸው?»

«ወደመጡበት።»

ፎቶው እስካሁን ከገጹ አልወረደም። ካርቶን ታቅፎ ይስቃል። ባፈና ግን በሩ ላይ ተቀምጧል፤ ካርቶን መክፈቻ ቢላዋ ገዝቷል።