ባይሳ ስለ ብርሃን የተናገረ ዕለት

የሱሉልታው የሳይንስ አስተማሪ ባይሳ አንድ ክፉ አመል ነበረበት፤ የማያውቀውን አላውቅም ይላል። ይህ ለመነኩሴ ያምር ይሆናል፣ ለደመወዝተኛ ግን መዘዝ ነው። በዚያ በንጉሡ ዘመን፣ ያውም ወደ ማብቂያው ግድም፣ የመንግሥት ሰው ሁሉ አዋቂ ነበር። ዳይሬክተሩን አቶ ገብረየስን ብንወስድ፣ ከዝናብ እስከ ጨረቃ ያልተነተኑት ነገር የለም፤ መጽሐፍ ሲገልጡ ግን ያያቸው የለም።

ባይሳ የኦቦ መገርሳን ልጅ አያንቱን ወደደ፣ እሷም ወደደችው። ሽማግሌ ይላክ ሲባል አቶ ገብረየስ እኔ ካልመራሁ አሉ። በአገሩ ወግ አግቢው ከሽማግሌ ጋር አይሄድም፤ ሆዱን ይዞ ቤቱ ይጠብቃል። እሳቸው ግን ኦቦ መገርሳ ዕውቀቱን በዓይናቸው ይዩት ብለው ጎትተው ወሰዱት።

ሽማግሌዎቹ እንደ ደንቡ ጉዳያቸው እስኪሰማ ቆመው ሳሉ፣ አቶ ገብረየስ ሙገሳውን አዥጎደጎዱት። ልጁ ብርሃንን ከሥሩ ጨርሶ ያወቀ፣ ከእንግዲህ የሚማረው የሌለ ሰው ነው አሉ። ይህን ሲሉ ቅንጣት አላፈሩም። ኦቦ መገርሳ በሬ እንኳ ጥርሱን ሳያዩ የማይገዙ ሰው ናቸውና ወደ ባይሳ ዞሩ። «አካም ጅርታ» ብለው ሰላም ካሉት በኋላ፣

«ጨርሷል ይሉሃል። እስቲ ብርሃን ምንድን ነው?» አሉት።

የመጣለትን ቢቀባጥር አያንቱ የእሱ ነበረች። በሱሉልታ የሚያርመው አንድ ሰው አልነበረም። የእኛ ሊቅ ግን ክፍል የገባ መሰለው። ብርሃን አንዴ እንደ ውሃ ሞገድ፣ አንዴ እንደ ጤፍ ፍሬ ነጠላ ነጠላ ሆኖ እንደሚገኝ፣ አንዷ ፍሬ ሁለት ቀዳዳ ፊቷ ቢደረግ በየትኛው እንዳለፈች እንደማይታወቅ፣ ሳያዩዋት የራሷ መንገድ ይኑራት አይኑራት ታላላቆቹ ሊቃውንት ገና እንደሚከራከሩ አስረዳ። አፉ አንዴ ከተፈታ ማን ይመልሰው። ሌዘር የሚሉት አዲስ ብርሃን በቅርቡ ስለተሠራ ወደፊት ጥያቄው ይበዛል እንጂ አያንስም ብሎ ጨመረበት። ሽማግሌዎቹ እግር እየለዋወጡ ቆመው ደከሙ።

«እንግዲህ ኦቦ፣ እውነቱን ከጠየቁኝ፣ ምንነቱ ገና አልታወቀም» ሲል ደመደመ።

ኦቦ መገርሳ እንጀራ የሚበላበትን ሥራ እንኳ ለማያውቅ ሰው ልጅ አልሰጥም ብለው ሸኟቸው። አቶ ገብረየስ መንገዱን ሙሉ ሲሰድቡት ሄዱ። ባይሳ ግን፣ ጉዱ እዚህ ላይ ነው፣ ኮርቶ ነበር። ለእውነት ሲል የተሰዋ ሰማዕት ሆኖ ተሰማው።

በገበያ ቀን አያንቱን የጎጃም መንገድ ዳር ጠብቆ ያንኑ እንደ ጀብዱ ያወራላት ጀመር። እሷ ጓዳ ሆና ሁሉንም ሰምታ ነበር።

«አልዋሸህም፣ ደግ አደረግህ» አለችው። «ግን ስለ ብርሃን ያን ሁሉ ስታወራ፣ ስለ እኔ አንድ ቃል አልወጣህም።»

ባይሳ ደነገጠ። ከዚያ አንገቱን ደፍቶ እወድሻለሁ አላት።

«ይህንንማ እኔ አውቀዋለሁ» አለች። «ያላወቀው አባቴ ነበር።» ዘንቢሏን አንስታም ወደ ቤቷ ሄደች።