ዳቦ እያላመጠ የሰጣት ምክር

በሐምሌ ወር በኢስፋራ ከተማ ቤቶች ጣራ ላይ እግር ማሳረፊያ አይገኝም። ሰው ሁሉ የአፕሪኮት ፍሬውን ለሁለት ከፍሎ፣ የውስጡን ዘር አውጥቶ ፀሐይ ላይ አስጥቶታል። ኦይኒሶ ግን በዚያ ዓመት ሥራዋን እየተወች ከጣራዋ ትወርድና ወደ ሳሎን ትገባ ነበር። ገብታ ኮምፒውተሩን ታየዋለች። መስኮቱ እንደቀላ ነው። ተመልሳ ትወጣለች።

ጎረቤቷ ሆሲያት ከወዲያኛው ጣራ ላይ ሆና ይህንን ሁሉ ትቆጥርባታለች።

«አንቺ ኦይኒሶ! ውስጥ ሙሽራ ደብቀሻል እንዴ? አፕሪኮትሽን ወፍ ጨረሰው እኮ!»

«ይብላ፤ ወፍም ነፍስ አለው።»

«አምና አንዲት ድንቢጥ በጫማሽ ስታሳድጂ የነበርሽው አንቺ አይደለሽም?»

ኦይኒሶ ፊቷን አዙራ ወረደች። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሆሲያትን በአፍ የምትችላት እሷ ብቻ ነበረች።

ዕድሜዋ ሃምሳ ዘጠኝ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት በከተማው የጭማቂ ፋብሪካ ጠርሙስ ስትደረድር ኖራ፣ ፋብሪካው ሲዘጋ ወደ ስድስቱ የአፕሪኮት ዛፎቿ ተመለሰች። ባሏ ሞቷል። ያላት አንድ ልጅ ነው፤ ሲሮጅ ይባላል። እንደ ሰፈሩ ወንድ ሁሉ እሱም ሩሲያ ሄዶ ሕንፃ ይሠራል። ከሄደ ሦስት ዓመት ሆነው። ሊሄድ ሲል ያገለገለ ኮምፒውተር ገዝቶ ሳሎን ውስጥ አስቀመጠላት፤ በየዓርቡ ከሰዓት በኋላ እየደወለ ፊቱን እንዲያሳያት ነው።

ስልክማ አለ። ድምፁን ትሰማለች። ድምፅ ግን ይዋሻል። «ደህና ነኝ» ካለ ደህና ነኝ አለ፣ በቃ። ፊቱን ስታይ ግን መብላቱንም አለመብላቱንም፣ ያመመውን ትከሻም ሳይነግራት ታውቃለች። አሁን ያንን ፊት ካየች አራት ዓርብ አልፏል።

ኮምፒውተሩ በተከፈተ ቁጥር ቀይ ጋሻ የተሳለበት መስኮት ብቅ ይላል። በሩሲያኛ፣ «ኮምፒውተርዎ አደጋ ላይ ነው! ሠላሳ ስምንት ቫይረስ ተገኝቷል!» ይላል። አደጋ የሚለውን ቃል ኦይኒሶ በደንብ ታውቀዋለች፤ በፋብሪካው የመብራት ሳጥን ላይ ተጽፎ ነበር። ምንም ነገር ልክፈት ብትል ያ መስኮት ዘሎ ይጋርድባታል። ከዚያ የባንክ ካርድ ቁጥር ይጠይቃታል። ካርድ የላትም እንጂ ቢኖራት ትሰጠው ነበር።

ከገበያ የጠራችው ጠጋኝ አንድ ጊዜ አይቶ፣ «ይሄ አይድንም። ሁሉንም አጥፍቼ ከአዲስ እጭንበታለሁ» አላት።

«ሁሉንም ማለት?»

«ውስጡ ያለውን ሁሉ።»

«ሻይህን ጠጣና ሂድ» አለችው።

በማግስቱ፣ ሐሙስ ቀን፣ የእህቷን ልጅ ሙሂዲንን አስጠራችው። ሙሂዲን ፊዚክስ አስተማሪ ነው። የዘመድ ኮምፒውተር ሁሉ ሲታመም የሚጠራው እሱ ነው፤ ደመወዙም ሾርባ ነው። ጫማውን በር ላይ አውልቆ ገባና ቀዩን መስኮት ሲያይ ሳቀ።

«ይሄማ ሌባ ነው፣ አክስቴ።»

«ሐኪም ነኝ እያለ?»

«እሱ ነው ሌብነቱ። ቤትዎ ገብቶ፣ አይጥ ወረረዎት እያለ ይጮኻል፤ መርዙን ከኔ ይግዙ ይላል። አይጡ ራሱ ነው።»

«ታዲያ አስወጣልኝ። ነገ ዓርብ ነው።»

«ጠራርጌ ከአዲስ ብጭን በሁለት ሰዓት ውስጥ ያልቃል።»

«አይጠረግም!»

ሙሂዲን ቀና አለ። አክስቱ ስትጮኽበት ትዝ አይለውም።

«ውስጡ ምን አለ? ፎቶ ነው?»

«አለ አንድ ነገር። አንተ ብቻ ሌላውን ሳትነካ ሌባውን አውጣልኝ።»

ሙሂዲን ኮምፒውተሩን አጥፍቶ እንደገና ሲያስነሳ፣ የግድ የሚያስፈልጉት ብቻ እንዲነሱ አደረገ። እንዲህ ሲሆን ሌባው ተኝቶ ይቀራል። የተደበቀበትን ፈልጎ አገኘና ሰረዘው። መልሶ ሲያስነሳ ቀዩ ጋሻ ብቅ አለ። ኦይኒሶ ከኋላው ቆማ በረጅሙ ተነፈሰች።

«ሁለት ቤት ነበረው» አለ ሙሂዲን ላቡን እየጠረገ። «አክስቴ፣ እዚህ ቆመው ሲተነፍሱብኝ መሥራት አልችልም። ጣራ ላይ ይውጡልኝ።»

ወጣች፤ ብዙም ሳትቆይ ሻይ አመካኝታ ወረደች። ደግሞ ወጣች፤ ጨው አመካኝታ ወረደች። ሙሂዲን ሁለተኛውን መደበቂያ አገኘ፤ ኮምፒውተሩ ሲነሳ አብረውት ከሚነሱት ዝርዝር ውስጥም ስሙን አወጣ። ከዚያ ከትምህርት ቤት በፍላሽ ባመጣው እውነተኛ ማጽጃ አስፈተሸው። ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል ቀዩ ነገር ጠፋ።

የተረፈውን ለማየት ሲፈልግ አንዲት ቪዲዮ ብቻ አገኘ። ነካት።

ሲሮጅ ብቅ አለ። ከሦስት ዓመት በፊት የነበረው ሲሮጅ፣ ፀጉሩን አዲስ ተቆርጦ፣ ጉንጩ በዳቦ ተወጥሮ።

«እናቴ...» አለ እያላመጠ፣ «ይኼንን ሲጫኑ ይበራል። አይፍሩት፣ አይናከስም። አረንጓዴዋን ሲጫኑ እኔ እመጣለሁ።»

«መጀመሪያ ዋጥ! ልትታነቅ ነው!» የሚል የኦይኒሶ ድምፅ ከወዲያ ተሰማ።

«እየዋጥኩ ነው። እና እናቴ፣ የሆነ ነገር ከጠየቀዎት በቀኝ በኩል ያለችውን ይጫኑ። እሺ ማለት ናት። እምቢ ካሉት ይቀየማል።»

«እሺ ልጄ።»

ሙሂዲን ቀና ብሎ ግድግዳውን አየ። ከኮምፒውተሩ በላይ፣ ምስማር ላይ፣ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ክብ ዳቦ ተሰቅሏል። መንገደኛ ሲወጣ አንድ ጊዜ ይገምጣል፤ የቀረው እሱ ተመልሶ እስኪጨርሰው ይጠብቃል። እያንዳንዱ ቤት አንድ አለው፤ ሙሂዲንም የወንድሙን ሰቅሏል። መንገደኛው የገመጠውን ሲያላምጥ ግን ማን ቀርጾ አስቀምጦ ያውቃል?

ዞር ሲል አክስቱ በር ላይ ቆማለች።

«አክስቴ፣ ያ ቀዩ የመጣ ዕለት ልግባ ብሎ ጠይቆዎት ነበር?»

«ጠይቆኝ ነበር።»

«ምን አሉት?»

«በቀኝ በኩል ያለችውን ተጫንኩ።»

«ስንት ጊዜ?»

«በጠየቀኝ ቁጥር ነዋ።»

ሙሂዲን ወደ ቪዲዮዋ ዞረ። ቀስ ብሎ፣ «ይቺን ብናጠፋት ይሻላል። የምታስተምርዎት ስህተት ነው። ሲሮጅ ሌላ ይቀርጽልዎታል» አላት።

«እጅህን አንሳ!» መጥታ በእሱና በኮምፒውተሩ መካከል ቆመች። «ምክሩ ነው እንጂ የተሳሳተው፣ ልጁ ምን አደረገ? ሌላ ሲቀርጽ ዳቦው አፉ ውስጥ አይኖርም።»

ሙሂዲን ቪዲዮዋን በፍላሹ ላይ ገልብጦ ሰጣት። ኦይኒሶ ፍላሹን ተቀብላ ያንን ነጭ ጨርቅ ፈታች፤ ከዳቦው ጎን አስቀምጣ መልሳ ቋጠረችው።

በማግስቱ ሙሂዲን ከትምህርት ቤት በቀጥታ መጣ። ልክ በሰዓቱ ኮምፒውተሩ ጮኸ፤ ኦይኒሶ አረንጓዴዋን ተጫነች። ሲሮጅ መጣ። ጺም አብቅሏል፤ ቅንድቡ ላይ የሲሚንቶ አቧራ አለ። ቀኝ ትከሻው ዝቅ ብሏል። አየችው።

«እናቴ! በስልክ ብጠይቅዎት አልነግር አሉኝ፤ ፊትዎ የት ጠፍቶ ነው?»

«ማሽኑ ታሞ ነበር።»

«ምን ነካው?»

ሙሂዲን ከጎን አፉን ሊከፍት ሲል፣ ኦይኒሶ በጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጠችው።

«እኔ ነኝ። እጄ አላርፍ ብሎ የማይነካውን ነካካሁ።»

«ነግሬዎት አልነበር?» አለ ሲሮጅ እየሳቀ። «ተቀምጬ አንድ በአንድ አላሳየሁዎትም?»

«አሳይተኸኝ ነበር። እኔው ነኝ አልሰማ ያልኩት።»

ሙሂዲን አንገቱን ደፋ።

«መቼ ነው የምትመጣው?» አለችው።

«በመኸር። የሥራ ፈቃድ ወረቀቴ ካለቀልኝ በመኸር ነኝ።»

አምናም በመኸር ብሎ ነበር። እሷ ግን ይህን አላነሳችበትም። ዳቦውን ከምስማሩ አወረደችና ጨርቁን ገልጣ ወደ ካሜራው አስጠጋችው።

«ድንጋይ ሆነ እኮ!»

«ጥርሴ ደህና ነው፣ እናቴ። ያስቀምጡልኝ» አለ። ፈገግታው ግማሽ ላይ ደርሶ ቀጥ አለ፤ መስመሩ ተቋረጠ።

ሙሂዲን አንድ ከረጢት አፕሪኮት ተሸክሞ በሩ ላይ ቆመ። «አክስቴ፣ ከእንግዲህ ምንም ነገር ቢጠይቅዎት አይንኩት። ይደውሉልኝ። ቃል ይግቡልኝ።»

«ገባሁ፣ ገባሁ። ሂድ፣ ሚስትህ ትጠብቅሃለች።»

ብቻዋን ስትቀር ቪዲዮዋን ከፈተች። ልጇ እያላመጠ መናገር ጀመረ። ዋጥ አለችው። አይፍሩት አላት። በቀኝ በኩል ያለችውን ይጫኑ አላት።

«እሺ ልጄ» አለች እንደ ሁልጊዜው። እጇን ግን ጭኗ ሥር አስገብታ ተቀምጣበታለች።