የየት አገር ስፓኒሽ ነው?

ስፓኒሽ ማስተማር የጀመርኩት ሲኒማ ራስ አጠገብ፣ ከጨርቅ ሱቆች በላይ በተከራየኋት ክፍል ውስጥ ነው። ነጭ ሰሌዳ፣ ማርከርና ጥቂት ወንበሮች ነበሩኝ። በመጀመሪያው ቀን የመጡት አስጎብኚ መሆን የሚፈልጉ ወጣቶች ነበሩ። ሰላምታ አስተማርኳቸው። ከታች ተሸካሚዎቹ «ዞር በል!» እያሉ ስለሚጮኹ እኔም ስጮኽ ዋልኩ።

ቋንቋውን የለመድኩት ኩባ ነው። የሄድኩት የእንስሳት ሕክምና ልማር ነበር፤ ስመለስ ግን እንጀራዬ ቋንቋው ሆነ። ማስተማር ማንም አላስተማረኝም። እዚያ የሰማሁትን እዚህ እደግመዋለሁ፤ በቃ።

ከዓመታት በኋላ እትዬ ዘይነባ መጡ። አንዋር መስጊድ አካባቢ ጨርቅ በጅምላ ይሸጣሉ። ልጃቸው ማድሪድ አግብታ ወልዳለች፤ የልጅ ልጃቸው ከስፓኒሽ በቀር አይሰማም።

«ከልጁ ጋር ሁለት ቃል ልለዋወጥ እንጂ ሌላ አልፈልግም» አሉኝ።

ጎበዝ ነበሩ። አንድ ቀን ግን ፊታቸው ጠቁሮ ገቡ።

«መምህር፣ በጉዋጉዋ ወደ ሱቅ እንደምሄድ በስልክ ነገርኩት። ልጁ ምንም አልገባውም። ጉዋጉዋ አውቶቡስ ነው አላልከኝም?»

«ነው እኮ፣ እትዬ።»

«ታዲያ እዚያው ተወልዶ እንዴት አያውቀውም?»

ኩባ ሳለሁ በየቀኑ የተሳፈርኩበት ነገር ነው። ያን ሳምንት ባስተማርኩት ቃል ሁሉ ስጠራጠር ሰነበትኩ።

ለስፓኒሽ መምህራን የሚሰጥ የማስተርስ ትምህርት ለመማር ያመለከትኩት ያኔ ነው። የውጭ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ትምህርቱ በኦንላይን ይሰጣል። ማመልከቱ ራሱ ግራ አጋባኝ። አንዷ ሠራተኛ «የቋንቋ ዲግሪ ያስፈልጋል» ብላ ጻፈችልኝ። ሌላው ደግሞ «የተማሩት በስፓኒሽ ከሆነ የእንስሳት ሕክምናውም ይበቃል» አለኝ። የማንን እንደምይዝ ሳላውቅ ያለኝን ላክሁ። ለቃለ መጠይቅ ጠሩኝ።

በቪዲዮ ነበር። ጠያቂዎቹ ሁለት መምህራን ናቸው፤ ሴትዮዋ ከስፔን፣ ሰውየው ከቺሊ። ሴትዮዋ ስትፈጥን ግማሹ ያመልጠኛል። ለምን መማር እንደፈለግሁ ጠየቀችኝ። ያዘጋጀሁት ንግግር ጠፋብኝ። የእትዬ ዘይነባን ነገር ተርኬ «ጉዋጉዋ ስህተት ነው?» አልኩ።

«እኛ አውቶቡስ ነው የምንለው» አለች።

ሰውየው ሳቀ። «እኛ አገር ጉዋጉዋ ሕፃን ልጅ ነው።»

«ታዲያ ትክክሉ የቱ ነው?»

ሴትዮዋ ወረቀቷ ላይ አንድ ነገር ጻፈች። ከዚያ አመስግናኝ ጥሪው ተዘጋ። ማለፌ ይሁን መውደቄ ሳይገባኝ ባዶውን ስክሪን ሳይ ቆየሁ።

ከሳምንታት በኋላ መቀበላቸውን ነገሩኝ። ለምን እንደተቀበሉኝ ዛሬም አላውቅም። ለእትዬ ዘይነባ አበሰርኳቸው።

«እንኳን ደስ አለህ። ለልጁስ ምን ልበለው?»

«አውቶቡስ ይበሉት።»

«እሱንማ ሳልማርም አውቀው ነበር» አሉ።

ትምህርቱን አሁንም እየተከታተልኩ ነው፤ ያልገባኝ ብዙ ነው። አዲስ ተማሪ ሲመጣ ግን ማርከር ከማንሳቴ በፊት ከማን ጋር መነጋገር እንደሚፈልግ እጠይቃለሁ። ቋንቋ የሚማር ሰው ሊያናግረው የሚፈልገው ሰው አለው። መምህሩ መጀመሪያ ያን ሰው ማወቅ አለበት።